ሃያ ዓመት የሚጠበቅ መለኪያ

በደቡብ ሜክሲኮ፣ በዋሃካ ክልል ተራሮች ላይ ቴፔስታቴ የሚባል ተክል ይበቅላል። ከቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ሥር ሰድዶ፣ ሰፋፊና ጠማማ ቅጠሎቹን ዘርግቶ ዓመታት ይቆያል። ለመድረስ ሃያ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካበበና ዘሩን ከበተነ በኋላ ይደርቃል። ዛሬ የበቀለው ቴፔስታቴ ለመቆረጥ ሲደርስ፣ ዛሬ ጡት የሚጠባው ሕፃን ጎረምሳ ሆኗል። ከዚህ ተክል የሚወጣው መጠጥ መስካል ይባላል። አንድ መለኪያው በጥቂት ጉንጭ ያልቃል።

ስለ መስካል የሚወራው ብዙው ነገር ከጠርሙሱ አያልፍም። «ትል ያለበት መጠጥ» ይሉታል፣ «የቴኪላ ድሃ ዘመድ» ይሉታል። ትሏ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ለገበያ ማድመቂያ የተጨመረች የእሳት እራት እጭ ናት፤ ጥሩ መስካል አያስፈልጋትም። ዝምድናውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ቴኪላ ከአጋቬ ዓይነቶች ሰማያዊውን ብቻ የሚጠቀም፣ በዋናነት የሃሊስኮ ክልል የሆነ የመስካል ዓይነት ነው። መስካልን በደንብ ለማወቅ ወደሚሠራበት መንደር መሄድና ሠሪውን ማየት ይጠይቃል።

ወደ ማታትላን የሚወስደው መንገድ

ዋሃካ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ከሜክሲኮ ሲቲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። የከተማዋ አሮጌ ክፍልና በአጠገቧ ያለው የሞንቴ አልባን ጥንታዊ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከተማዋን ለቃችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታመሩ መጀመሪያ የቱሌን ታላቅ ዛፍ ታገኛላችሁ፤ በግንዱ ውፍረት በዓለም ላይ አቻ የሚገኝለት አይመስልም። ቀጥሎ ሸማኔዎቹ የበግ ሱፍን በተክልና በነፍሳት ቀለም እየነከሩ ምንጣፍ የሚሠሩበት ቴኦቲትላን አለ። ከዚያ የእሑድ ገበያዋ የሚደምቀው ትላኮሉላ፣ ከእርሷም ወዲያ የሳፖቴክ ሕዝብ ጥንታዊ ሕንፃዎች የሚገኙባት ሚትላ ትከተላለች። በሚትላ አካባቢ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ 10,000 ዓመት ያስቆጠሩ የዱባ ዘሮች ተገኝተዋል። ሰው በዚህ ሸለቆ ውስጥ ተክል ማላመድ የጀመረው ጥንት ነው።

ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሳንቲያጎ ማታትላን «የዓለም የመስካል መዲና» በሚል መጠሪያ ይታወቃል። በግራም በቀኝም ኮረብታዎቹ በአጋቬ ረድፎች ተሸፍነዋል፤ ቅጠሉ ሰይፍ ይመስላል፣ ቀለሙ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነው። በሀገራችን ለአጥር የሚተከለውንና ቃጫ የሚወጣበትን ተክል የሚያውቅ ሰው እዚህ ቢመጣ እንግድነት አይሰማውም። የእኛም ቃጫ የአጋቬ ወገን ነው፤ የትውልድ ሀገሩም ሜክሲኮ ናት።

ስሙ ራሱ የሥራውን ምስጢር ይናገራል። «መስካል» በናዋትል ቋንቋ የበሰለ አጋቬ ማለት ነው። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊትም የአካባቢው ሰዎች አጋቬን በመሬት ውስጥ አብስለው ይበሉት ነበር፤ የጥሬውን ተክል ፈሳሽ አስክረውም ፑልኬ የሚባል መጠጥ ያዘጋጁ ነበር። መጠጥን በእሳት አትንኖ ማውጣት ግን ብዙዎቹ የታሪክ ምሁራን እንደሚሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ነው። አንዱ መንገድ በስፔናውያን በኩል ነው፤ ሌላው በፓስፊክ ውቅያኖስ ከማኒላ በሚመጡት መርከቦች የገቡት የፊሊፒንስ መርከበኞች እንደሆኑ ይነገራል፤ እነርሱ ከኮኮናት ዛፍ አረቄ ማውጣት ያውቁ ነበር። የቅኝ ገዢው መንግሥት ከስፔን የሚመጣውን መጠጥ ገበያ ለመጠበቅ የሀገሬውን መጠጥ በተለያየ ጊዜ ሲከለክል፣ ሠሪዎቹ ወደ ገደልና ወደ ጫካ ገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። መስካል ለረጅም ዘመን የገጠር ሰው መጠጥ ሆኖ የቆየው በዚህም ምክንያት ነው።

ከጉድጓድ እስከ መዳብ ጋን

መስካል የሚሠራበት ቦታ በዋሃካ ፓሌንኬ ይባላል። ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የሚመስል ነገር የለውም፤ ከመኖሪያ ቤት ጀርባ ያለ ዳስ ነው። እኔ የጎበኘሁት ፓሌንኬ ባለቤት ስድሳውን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ዶን» ይላቸዋል፤ በእኛ «ጋሼ» እንደማለት ነው። «ዶን፣ ይህን ሥራ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ አልጀመርኩትም፤ አባቴ ሲሠራው ደረስኩበት» አሉኝ።

ሥራው የሚጀምረው ከእርሻው ነው። በብዛት የሚተከለው ኤስፓዲን የሚባለው ዓይነት ሲሆን ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ቶባላ የሚባለው ትንሹ የተራራ አጋቬ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ተክሉ ሊያብብ ሲቃረብ ስኳሩ ሁሉ በእምብርቱ ይከማቻል፤ ገበሬው ያን ጊዜ ይደርስበታል። እንሰት የሚያውቅ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እንሰትም ብዙ ዓመት ተጠብቆ ሊያብብ ሲል ይቆረጣል። የአጋቬው ቅጠል በገጀራ ተመልምሎ ሲያልቅ የሚቀረው እምብርት አናናስ ስለሚመስል «ፒንያ» ይሉታል፤ አናናስ ማለት ነው። የአንዱ ኤስፓዲን ፒንያ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ ይበልጣል።

ከዚያ ጉድጓዱ ይመጣል። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ፣ በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ነው። ሥሩ እንጨት ይነድዳል፤ ድንጋዩ እስኪግል ለሰዓታት ይጠበቃል። አጋቬው እሳቱን በቀጥታ እንዳይነካው በድንጋዩ ላይ እርጥብ የአጋቬ ጭረት ይነሰነሳል፤ የተፈለጡት እምብርቶች በላዩ ይቆለላሉ፤ ቁልሉ በሰሌንና በአፈር ይደፈናል። እንዲህ ሆኖ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። በመስካል ውስጥ የሚሸተው ጭስ ከዚህ የሚመጣ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት ነጭ የነበረው እምብርት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የቤቱ ልጆች ቁራጭ እያነሱ እንደ ሸንኮራ ያኝኩታል፤ እኔም ቀመስኩት፤ ጣዕሙ በጭስ የበሰለ ስኳር ድንች ይመስላል።

የበሰለው አጋቬ ታኦና በሚባል ትልቅ የድንጋይ መንኮራኩር ይፈጫል። መንኮራኩሩን የሚጎትተው ፈረስ ወይም በቅሎ ነው፤ በክብ መድረኩ ላይ ሲዞር ይውላል። አቅም በሌላቸውና ጥንታዊውን መንገድ በያዙ ቤቶች ደግሞ ሥራው በእንጨት መዶሻ፣ በሰው ክንድ ይሠራል። የተፈጨው ከነጭረቱ በእንጨት በርሜል ውስጥ ይከተትና ውኃ ይጨመርበታል። ጌሾም ሆነ እርሾ አይገባበትም፤ የሚያስክረው በአየሩ፣ በእንጨቱና በግቢው ውስጥ የኖረው የተፈጥሮ እርሾ ነው። ስለዚህም የአንዱ ግቢ ድፍድፍ የሌላውን አይመስልም። በሞቃት ወቅት በጥቂት ቀናት፣ በብርድ ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዶን መድረሱን ለማወቅ ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ ሲፈላ ይንሾካሾካል፣ ሲደርስ ዝም ይላል።

የመጨረሻው ሥራ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ድፍድፉ በእንጨት እሳት ላይ በተጣደ የመዳብ ጋን ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ ተጉዞ፣ በውኃ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። የወጣው እንደገና ይጣዳል፤ በሀገራችን «ዳግም» እንደምንለው መሆኑ ነው። ሳንታ ካታሪና ሚናስ በሚባለው መንደር መዳቡን ትተው በሸክላ ጋን ያወጡታል፤ የሸክላው ለስለስ ያለ የአፈር ጣዕም አለው። በመጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛው፣ በመሐል የሚወርደው ልቡ፣ በመጨረሻም የሚወርደው ቀላሉ ለየብቻ ይያዛሉ። እነዚህን አስማምቶ የሚቀላቅለው የባለሙያው ምላስ ነው።

ጥንካሬው እንዴት ይለካል? የዶን ልጅ አሳየችኝ። በሸምበቆ ቧንቧ ትንሽ መስካል ትስብና ከፍ አድርጋ በቅል ዋንጫ ውስጥ ታንቆረቁረዋለች። በፈሳሹ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ አረፋዎች ይታያሉ፤ «ፐርላስ»፣ ዕንቁዎች ይሏቸዋል። የዶቃው መጠንና ሳይፈነዳ የሚቆይበት ጊዜ የአልኮሉን መጠን ይነግራታል። ሕጉ ከ35 እስከ 55 በመቶ ይፈቅዳል፤ መንደርተኛው የሚወደው በ45 እና በ50 መካከል ያለውን ነው። የኤስፓዲን አንድ ሊትር መስካል 10 ኪሎ ገደማ አጋቬ ይበላል፤ ከተራራ የሚመጡት ከዚያ ይበልጥ ይፈልጋሉ።

«ሳሙት እንጂ አትጠጡት»

በዋሃካ መስካልን በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ እንደ ብልግና ይቆጠራል። መለኪያው ቬላዶራ የሚባለው ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ በድሮ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ሻማ ይበራበት የነበረ ሲሆን ከሥሩ የመስቀል ምልክት አለው። ከመጠጣት በፊት ብዙዎች ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ ያፈሳሉ፤ ተክሉን ላበቀለችው ምድር ድርሻዋን መስጠታቸው ነው። ከዚያ ከንፈርን የሚያርስ ያህል ብቻ ይወስዳሉ፤ «መሳም» ይሉታል። የመጀመሪያው ጠብታ አፍን ያነቃል፣ ጣዕሙ የሚገባው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ከጎኑ የብርቱካን ክትፍና በበርበሬና በተፈጨ የአጋቬ እጭ የተቀመመ ጨው ይቀርባል። ውኃም አይጠፋም።

መስካል ያለ ሰው አይጠጣም ቢባል ያስኬዳል። ልጅ ሲወለድ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ቤት ሲመረቅ፣ ሰው ሲቀበር ይቀዳል። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ሙታን በሚታሰቡበት በዓል፣ ሟቹ መስካል ይወድ ከነበረ በቤቱ መሠዊያ ላይ ከአበባውና ከዳቦው ጎን አንድ ጠርሙስ ይቀመጥለታል። ለታላላቅ ድግሶች የሚዘጋጀው ፔቹጋ የተለየ ነው፤ ፍራፍሬና ቅመም ተጨምሮበት፣ ጥሬ የዶሮ ወይም የቱርክ ዶሮ ፍርምባ ከጋኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንደገና ይወጣል። አንድ ቤተሰብ ፔቹጋ አወጣ ማለት የሚያከብረው ነገር አለው ማለት ነው።

ክብሩ ያመጣው ፈተና

ከሠላሳ ዓመት በፊት መስካል በራሱ ሀገር ከተሞች እንኳ የሚናቅ መጠጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የስያሜ ጥበቃ አገኘ፤ ይህም ማለት በሕግ በተለዩ ክልሎች ካልተሠራ በስተቀር «መስካል» ተብሎ መሸጥ አይችልም ማለት ነው። በ1995 ሮን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የየመንደሩን መስካል ሳይቀላቅል፣ የመንደሩን ስም በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ወደ ሀገሩ መላክ ጀመረ። ቀጥሎ የመጣው ማንም ያልጠበቀው ነበር። በ2011 በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበው የዓመቱ ምርት አንድ ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነበር፤ በ2022 ከ14 ሚሊዮን ሊትር በለጠ። አብዛኛው የሚመረተው በዋሃካ ነው፤ ትልቁ ገዢ ደግሞ የአሜሪካ ገበያ ነው።

ገንዘቡ በረከት አምጥቷል። ወደ ካሊፎርኒያ ተሰድደው ሊቀሩ የነበሩ ወጣቶች በአባታቸው ዳስ ሥራ አግኝተዋል። ሴቶችም ድሮ ስማቸው ሳይጠራ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። ግን ገበያው የሚቸኩል ነው፤ አጋቬ አይቸኩልም። ጫካ እየተመነጠረ በአንድ ዓይነት ኤስፓዲን ይተካል። ለጉድጓዱና ለጋኑ የሚሆነው ማገዶ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ በየመንደሩ ያነጋግራል። ከጋኑ የሚቀረው አሲዳማ አተላ በአግባቡ ካልተወገደ ወንዝ ይበክላል። ከሁሉም በላይ ማንም ያልተከላቸው የተራራ አጋቬዎች ከሚተኩበት ፍጥነት በላይ እየተቆረጡ ነው።

የሌሊት ወፎችም የዚህ ጉዳይ ባለድርሻ ናቸው። አጋቬ ሲያብብ አበባውን የሚያዳቅሉት በዋናነት እነርሱ ናቸው፤ ማሩንም ይመገቡታል። ተክሉ ሁሉ ሳያብብ ከተቆረጠ የሌሊት ወፎቹ ይራባሉ፤ ገበሬውም ከእናቲቱ ሥር የሚወጡትን ተመሳሳይ ቡቃያዎች ብቻ መትከል ይገደዳል። ተመሳሳይ ተክል ደግሞ አንድ በሽታ ከመጣ አብሮ ያልቃል። የሌሊት ወፍ ተመራማሪው ሮድሪጎ ሜደሊን ከእርሻው አምስት በመቶው ተክል እንዲያብብ የሚተዉ ገበሬዎች በጠርሙሳቸው ላይ ምልክት የሚያገኙበትን ዘዴ አስጀምረዋል። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሰባት ዓመት የጠበቀ ገበሬ ግን ከመቶ ተክል አምስቱን ሳይቆርጥ መተው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ዶን ራሳቸው ፈተናው ደርሶባቸዋል። የአጋቬ ዋጋ በጣም በተወደደበት ጊዜ ከሌላ ክልል የመጡ ነጋዴዎች እርሻቸውን ከነተክሉ ሊገዟቸው ጠየቋቸው። የቀረበላቸው ገንዘብ መስካል አውጥተው በዓመት ከሚያገኙት ይበልጥ ነበር። ግማሹን ሸጡ፤ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ወጪ ከፈሉበት። ግማሹን አስቀሩ። «ሁሉንም ብሸጥ ኖሮ ፈረሱን፣ ጋኑንና እኔን ምን ታደርጉን ነበር?» አሉና ሳቁ። ከዳሱ ጀርባ በላስቲክ ከረጢት የተደረደሩ የቴፔስታቴ ችግኞች ነበሩ፤ ቁመታቸው ጣት አያክልም። ከዘር ያፈሏቸው ናቸው። ሲደርሱ የሚቆርጣቸው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ በክቡ መድረክ ላይ ፈረሱን ተከትሎ የሚሮጠውን የልጅ ልጃቸውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ብትሄዱ ወይም ብትገዙ

ወደ ዋሃካ የምትጓዙ ከሆነ ዝናብ የማይበዛበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ፓሌንኬ ስትጎበኙ የራሳችሁን መኪና አትንዱ፤ መጠጡ ሲገባ ለስላሳ ነው፣ ሲወጣ ግን ጠንካራ ነው። ባለሙያ አስጎብኚ ወይም ሾፌር ይዛችሁ በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ምላስ አይለይም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እነርሱም የሚያዩት ሞልቷል፤ ፈረሱ፣ ጉድጓዱ፣ የሚታኘከው ጣፋጭ አጋቬ አለ። በሚትላ አቅጣጫ ደግሞ ፏፏቴ የሚመስለው የዬርቬ ኤል አጓ ድንጋይ አለ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡርና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ብርቱካኑንና ትኩስ ቸኮሌቱን ይጠጡ፤ ዋሃካ በቸኮሌቷም የታወቀች ናት።

በሌላ ሀገር ሆናችሁ ጠርሙስ የምትመርጡ ከሆነ መለያውን አንብቡ። ሕጉ ሦስት ደረጃ ያስቀምጣል። «መስካል» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት በዘመናዊ ማሽን ሊሠራ ይችላል። «አርቴሳናል» የሚለው ባህላዊውን አሠራር የጠበቀ ሲሆን መጠነኛ ማሽን ይፈቀድለታል። «አንሴስትራል» የሚለው በጉድጓድ የበሰለ፣ በድንጋይ ወይም በመዶሻ የተፈጨ፣ በሸክላ የወጣ ነው። ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ የትኛው አጋቬ ነው? የትኛው መንደር ነው? ማን ሠራው? መቼ ወጣ? እውነተኛ መስካል ለአራቱም መልስ አለው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ በራሱ መለያው ላይ ይጻፋል። ከተራራ የሚመጣውን ቴፔስታቴና ቶባላ ስትገዙ ደግሞ ሠሪው መልሶ ይተክል እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን ሳስብ የእኛ አረቄ አውጪ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ጋኑንና ድፍድፉን ያውቃሉ፣ የመጀመሪያውን ከመጨረሻው በምላሳቸው ይለያሉ፤ ስማቸው ግን በየትኛውም ጠርሙስ ላይ አይገኝም። የዋሃካ ሰዎች ያገኙት ትልቁ ነገር የሠሪው ስም ከመጠጡ ጋር እንዲጓዝ መደረጉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ለሥራው ጥራት ይጠየቃል፣ ለድካሙም ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። የተራራ አጋቬ መስካል ውድ ነው፤ መወደድም አለበት። ሃያ ዓመት የቆመ ተክል፣ አምስት ቀን የተጠበቀ ጉድጓድ፣ ሁለት ጊዜ የተጣደ ጋን በርካሽ ሊሸጥ አይችልም። «የተራራ ነው» ተብሎ በጣም ረክሶ ካገኛችሁት፣ ከተራራው ወይም ከሠሪው አንዱ ሳይከፈለው ቀርቷል ማለት ነው።